የወገዳ አርበኞች ቃሬዛ

ዛሬ በአንድ አናጢ ደጅ ሳልፍ የተላጠ ጥድ ሸተተኝና እናቴ ምጥ የጠናባት ቀን ትዝ አለኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነበር። በወገዳ ጣሊያንን የተዋጉ ሽማግሌዎች ማኅበር ነበራቸው፤ የአቅመ ደካማ ማሳ ያርሱ፣ በሽተኛም ይሸከሙ ነበር። አባቴ ቢጠራቸው ስድስት ሆነው አዲስ የጥድ ቃሬዛ ይዘው ደረሱ። መሪያቸው ግራዝማች ግራ እጃቸውን በጦርነቱ አጥተዋል።

«እርስዎ እንኳ ይቅሩ፣ ጌታዬ» አላቸው አባቴ።

«ቃሬዛ የሚያርፈው ትከሻ ላይ ነው። ትከሻዬን ማን ወሰደው?» ብለው ከፊት ገቡ።

ሐኪም ቤቱ ከወንዝ ማዶ ነበር፤ ወንዙም በክረምቱ ሞልቷል። አባቴ እኔን በጫንቃው ተሸክሞ ከኋላ ተከተለ። ውሃው ሽማግሌዎቹን ደረታቸው ድረስ ዋጣቸው፤ ቃሬዛውን ግን ወንዙ አልነካውም። እናቴ ስትንቀጠቀጥ ግራዝማች ዞር ሳይሉ፣ «አይዞሽ ልጄ፤ ይህን ወንዝ ጥይት እየዘነበብን ተሻግረነዋል። ዛሬ የሚዘንበው ውሃ ብቻ ነው» አሏት።

በሐኪም ቤቱ በር ላይ የሐኪሙ ረዳት ድሬሰር «የሴትዮዋ ዘመድ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። አባቴ አፉን ሳይከፍት ስድስቱም ውሃ የሚንጠባጠብ እጃቸውን አነሱ።

ወንድሜ የዚያኑ ዕለት ተወለደ። አሁን ሽበት ወርሶታል፤ ስለ ዘመዶቹ ሲጠየቅ ግን ዛሬም ስድስቱን አስቀድሞ በኩራት ይጠራል።