ጉልበት የሚደርስ ውሃ

መኪና መንዳት የምታስተምር ሴት አርፋ ትቀመጣለች ብሎ የሚጠብቅ ካለ ይቺን ሴት አያውቃትም። በሥራ መኪናዋ ውስጥ፣ እሷ በምትቀመጥበት በኩል፣ ለእሷ ብቻ የተገጠመ ሁለተኛ ፍሬን አለ፤ እግሯ ቀኑን ሙሉ እዚያ ላይ ነው የሚውለው። ችግሩ ቤት ስትገባም እግሯ ከሥራ መውጣቱን አለመስማቱ ነው። እራት ላይ ልጅቷ ብርጭቆዋን ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ስታስጠጋ እናትየው ወለሉን ድም ታደርገዋለች። "ምነው፣ ቤቱ ሊያመልጥሽ ነው?" ይላታል ባሏ፤ እሷም ከመሳቅ ይልቅ ብርጭቆውን ታነሳለች።

ባልየው መስታወት ቆራጭ ነው። ድሮ ጠጪ ነበር። ድሮ ስላችሁ ሩቅ አይምሰላችሁ፣ ካቻምና ማለቴ ነው። አልፎ አልፎ የሚቀምስ ሳይሆን ጠጪ! ሱቁ ከመጠጥ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ለሥራ ከሚገባበት በር ይልቅ በዚያኛው በር ሲገባ የሚያዩት ይበዙ ነበር። ታዲያ አንድ እሁድ ሦስቱም ወንዝ ዳር ሊዝናኑ ሄዱ። እናት ምሳ ልትገዛ ዞር ስትል አባት ልጅቷን ሊጠብቅ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ጠርሙሱን ጨረሰ፤ እንቅልፍ ወሰደው። ልጅቷ አዳለጣትና ውሃ ውስጥ ገባች። የማያውቁት መንገደኛ ከነልብሱ ዘሎ አወጣት። ባልየው ከዚያ ቀን ወዲህ መጠጥ በአፉ አልዞረም። ሚስትየው ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ አላለችም። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፣ ዝም ብላ ትጠብቀው ጀመር።

ልጅቷን ቤት ውስጥ "ቆቅ" ይሏታል፤ ስምንት ዓመቷ ነው። ወንዝ ከገባች ወዲህ ውሃ የሚባል ነገር ጠላቷ ሆኗል፤ ፀጉሯን ለማጠብ እንኳ ጎረቤት እስኪሰማ ጩኸት ነው። እንግዲህ ይቺ ልጅ ናት አንድ ማታ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ "ትምህርት ሲዘጋ ሐይቅ እንሂድ" ያለችው።

እናትና አባት ማንኪያ እንደያዙ ቀሩ።

"ጓደኛዬ ሄዳለች" አለች ቆቅ። "ውሃው ጉልበት ነው የሚደርሰው። ብትሄድ፣ ብትሄድ፣ አሁንም ጉልበት ነው! ያውም የአባ ጉልበት አይደለም፣ የኔ!"

"እንሄዳለን" አለ አባትየው፣ በአፉ የያዘውን ሳይውጥ። እናትየውም "እንሄዳለን" አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ልጇ ውሃን በደህና አፍ ስትጠራ ሰምታ፣ ምን ልትል ኖሯል?

ደስታዋ ግን ካርታውን ስልኳ ላይ እስክትከፍት ድረስ ብቻ ነው የቆየው። ሐይቁ ዙሪያውን በወይን እርሻ ታጥሯል። በግራ ወይን፣ በቀኝ ወይን፣ ኮረብታው ላይ የወይን ጠጅ መጥመቂያ፣ መንገዱ ዳር "ጎራ ብለው ይቅመሱ" የሚል ሰሌዳ። ማረፊያ ቤቶቹ በሙሉ ለእንግዳ የመጀመሪያውን ብርጭቆ በነፃ እንደሚቀዱ በኩራት ጽፈዋል። ልጅ የማያሰጥም ውሃ፣ አባት በሚያሰጥም አገር መሃል! ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረችው፤ ወዲያው መልሳ አነሳችው።

ከዚያ ወዲያ ምን ዕረፍት አለ? ወይን የሌለበት መንገድ ፍለጋ ካርታውን ላይ ታች አለችው፤ የለም። በጠዋት እንነሳ አለች፣ ሱቆቹ ሳይከፈቱ እንድናልፍ። በኋላ ደግሞ አይ፣ ሲመሽ እንድረስ፣ ከዘጉ በኋላ። ሻንጣ አውጥታ አስገባች። ንጹሑን መኪና አጠበች። ታላቅ እህቷ ጋ ደወለች፤ ባትደውል ይሻላት ነበር።

"ወይን አገር? አንቺ ሴትዮ፣ ጤናሽ ነው? ሌላ ውሃ ጠፋ?"

"ልጅቷ የመረጠችው እሱን ነው።"

"እንግዲያው ባልሽን ቤት ትተሽው ሂጂ!"

ይኼን ራሷም አስባው ነበር። ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማው ግን ደሟ ፈላ፤ "በይ ደህና ዋይ" ብላ ዘጋችባት።

በማግስቱ ሥራ ላይ ተማሪዋ አንድ ወፍራም ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ሰውዬው ጭር ያለ መንገድ ላይ በስነ ሥርዓት እየነዳ ሳለ እሷ ድንገት ፍሬኑን ደፍጥጣ ያዘችው። ደረቱ መሪውን ሊመታ ምንም አልቀረው።

"ምን አይተሽ ነው?"

"ምንም።"

"ምንም ሲመጣም እናቆማለን እንዴ? እኔ ስለምድ አንቺ እየረሳሽ እንዳይሆን፣ እህቴ!"

ይቅርታ ጠየቀችው።

ቤት ደግሞ ባልየው ያፏጫል። ሰፊ ባርኔጣ ገዝቶ፣ ለልጁም በልኳ ገዝቶ፣ መስታወት ፊት ተደርድረው ይሳሳቃሉ። ፉጨቱ ነው ያንገበገባት። ምን አስደሰተው? ሐይቁ ነው ወይስ ሐይቁ ዙሪያ ያለው? እንዲህ በማሰቧ ራሷን ጠላች፤ ማሰቧን ግን አልተወችም።

"ለምንድነው እንዲህ ደስ ያለህ?" አለችው፣ ሳታስበው አምልጧት።

"ልጄ ውሃ ልትገባ ነዋ!" አላት፣ በጥያቄዋ ተገርሞ።

ልታምነው ፈለገች። አላመነችውም። እውነቱ ይኸው ነው።

መቼም ቦታ መያዝ ነበረባትና ሐይቁ ዳር ያለች ትንሽ ማረፊያ ያዘች። ከአሥር ቀን በኋላ ፎቶው ላይ ምግብ ቤቱን ስታይ ግን ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ጠርሙስ ነው። ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ፣ በማግስቱ በሁለት ተማሪዎች መሃል መኪናዋን ጥላ ሥር አቁማ ለማረፊያዋ ባለቤት ደወለች። የምትለውን አዘጋጅታ ነው፤ ውሸት ነው፣ ግን ማንንም አይጎዳም።

"አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር፣ እመቤቴ። ባለቤቴን ጉበቱን ያመዋል። ምግብ ቤቱ ውስጥ ያለውን ወይን ጠጅ እኛ እስክንሄድ ዞር ቢያደርጉልን…"

"ባለቤትዎ? መስታወት ቆራጩ?"

መምህሯ ከመቀመጫዋ ቀና አለች። "ሥራውን ማን ነገረዎት?"

"ራሳቸው ናቸዋ! ባለፈው ሳምንት ደውለው ስንት ነገር አወራን። ጠርሙሶቹን ምድር ቤት አውርጄ ቆልፌባቸዋለሁ። ጉበት የሚባል ነገር ግን አላነሱም። ጠጪ ነበርኩ ነው ያሉኝ።" የባለቤቲቱ ድምፅ ለስለስ አለ። "'ለኔ ብዬ አይደለም' አሉኝ። 'እኔስ ትቻለሁ። ሚስቴ ግን ጠርሙስ እያየች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ እሷም ማረፍ አለባት' አሉ። እንዴት ያለ ባል ነው የሰጠዎት እባክዎ!"

መምህሯ ፊቷ እንደ እሳት ጋለ። ለካ እሷ ስትሰልለው እሱ እንቅልፏን ሲያስብላት ነበር! አፈረች። ሀፍረቱ አልፎ ደግሞ አንድ ድፍረት መጣባት፤ እንዲህ ያለ ድፍረት ለማሰቢያ ጊዜ አይሰጥም።

"እንደነበረ ይመልሱት" አለች።

"ምኑን?"

"ጠርሙሱን። ለኔ ተብሎ ከሆነ አያስፈልግም። እኔ አልፈራም።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"እርግጠኛ ነኝ" አለች። አልነበረችም።

ቀጣዩን ተማሪ "ዛሬ አልተመቸኝም" ብላ በቀጥታ ወደ ሱቁ ነዳች። ባልየው ጠረጴዛው ላይ ሰፊ መስታወት ዘርግቶ በመቁረጫው መስመር እያሰመረ ነበር፤ አስምሮ ሲጨርስ በሁለት እጁ ያዝ አድርጎ ቀጭ አደረገው። ቆማ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ የሰማችውንና ያለችውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። ያቅፈኛል ብላ ነበር የጠበቀችው።

አላቀፋትም። መቁረጫውን አስቀምጦ የእንጨት ዱካው ላይ ቁጭ አለ።

"አሁኑኑ ደውዪላት" አላት። "ይደብቁት በያት።"

"ለኔ ነው ብለህ አልነበር?"

"ታዲያ ምን ልበላት? የማላውቃትን ሴት በስልክ 'የምፈራው እኔ ነኝ' ልበላት?" ድምፁ ወረደ። "በየቀኑ እፈራለሁ። ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ብርጭቆ ሲጋጭ በሰማሁ ቁጥር እፈራለሁ። አንቺ የተውኩ ይመስልሻል፤ እኔ ግን በየጠዋቱ ነው የምተወው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺስ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተንፍሰሽልኝ ታውቂያለሽ? እኔ ከየት ልጀምረው?"

ከመጠጥ ቤቱ ሳቅ ተሰማ። ሴትየዋ የሱቁን በር ዘጋችው። ከዚያች እሁድ ጀምሮ አፍና የኖረችው ያኔ ወጣ።

"ልጄን ልታሳጣኝ ነበር።"

"አዎ።"

"አልማርኩህም። እስከ ዛሬ አልማርኩህም።"

"አውቃለሁ" አለ፤ ዓይኑን ግን ከእሷ አልነቀለም።

አለቀሰች። ጮክ ብላ፣ ንፍጧን በእጅጌዋ እየጠረገች፣ እንደ ልጅ አለቀሰች። እሱም አባባይ መስሎ ሊቀርባት አልሞከረም፤ ዱካውን ብቻ ለቀቀላት። ሲወጣላት ስልኩን አወጣች፤ ድምፁ ለሁለቱም እንዲሰማ አድርጋ ደወለች።

"አሁን ገና ደርድሬ ጨረስኩ" አለች ባለቤቲቱ፣ እያለከለከች። "ደረጃ መውጣት ወገቤን ገደለኝ። ምን ረሱ?"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እመቤቴ። መልሰው ይደብቁልን።"

"ወይ እናንተ ሰዎች! ልደብቀው ነው ላውጣው? ለመሆኑ የምሰማው የማንን ነው?"

ሚስትየው አፏን ስትከፍት ባልየው ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

"የኔን ይስሙ፣ እመቤቴ" አለ። "ያን ቀን አፍሬ ዋሸሁዎት። ለሷ አይደለም፤ ለኔ ነው።"