የአራስ አደስ

አሰላ በመምህርነት ተመድቤ ስመጣ በተከራየሁት ቤት አጥር ጥግ አንድ አደስ ነበር። ቁመቱ ከእኔ ትንሽ ያልፋል። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ የግቢውን አበባ ሁሉ ሲያጠወልግ እሱ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ነው። በዕድሜ እናቴ የሚሆኑት አከራዬ በወጣትነታቸው ለጌጥ ብለው ነበር የተከሉት፤ ሰፈሩ ግን የጋራ ንብረቱ አደረገው። ሙሽራ ጸጉሯን ልትቀባ፣ አራስ አናቷ ላይ ቅቤ ሊደረግላት ሲሆን ቅጠሉ ተወቅጦ ከቅቤው ጋር ይለወሳል፤ ሽታው ቤቱን ያውደዋል። አደስ የሸተተበት ቤት ደስታ ገብቶበታል ማለት ነው።

እኔ ግን ጠላሁት። ሦስት ጊዜ ፅንስ ጨንግፎብኛል። በሦስተኛው፣ ገና ሳምንት ሳይሞላኝ፣ አንዲት ሴት በሩን አንኳኳች። «እህቴ ወልዳ ነው፣ ትንሽ ልቁረጥ?» አለችኝ፤ ፊቷ በርቷል። ቁረጪ ብያት ገባሁና አልጋ ላይ ተደፍቼ ትራሱን ነከስኩ። ክፉ ሆኜ ነበር፣ አልክድም። ከሥሩ ገንድሼ ልጣለው ያልኩበት ቀን ብዙ ነው።

አራተኛው ግን ያዘልኝ። ሰባት ወር ሲሞላኝ፣ በቆጂ የሚሠራው ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ሆዴን ነክቶ ሲስቅ፣ ድፍረት አገኘሁ። ቅጠሉን ለቅሜ በሰፌድ አደረቅኩና መውቀጥ ጀመርኩ። አከራዬ የሙቀጫውን ድምፅ ሰምተው መጡ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ለአራስነቴ ነው፣ እማማ።»

እጄን ያዙኝ። «ይሄንማ ስትወልጂ እኛ ነን የምንወቅጥልሽ። ሴት ለራሷ አትወቅጥም፤ ሳትወልድ ደግሞ ጭራሽ።»

ሳቅኩ። የተማርኩ ሰው ነኛ! ስንት ዓመት ለሰው አራስ ሳስቆርጥ ኖሬ አንድ ቀን ለራሴ ብወቅጥ ምን አለበት? ዱቄቱን በጠርሙስ አድርጌ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። በየቀኑ እየከፈትኩ አሸተው ነበር።

በዘጠነኛው ወር ሆስፒታል ገባሁ። ልጄ ሴት ነበረች። አላለቀሰችም።

ባዶ እጄን በባጃጅ ተመለስኩ። ጎረቤቶቼ መጥተው ተቀመጡ፤ ግን ምን ይበሉ? «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንዳይሉኝ ልጅ የለም። «እግዜር ያጥናሽ» እንዳይሉኝ ድንኳን አልተተከለም። መሬት መሬቱን ሲያዩ ቆይተው ሄዱ። ጡቴ ግን ወሬውን አልሰማም፤ ወተቱ ቀሚሴን ያርሰው ነበር። ሐኪሙ እትብቱ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነው ቢለኝም አላመንኩትም። በገዛ እጄ ወቅጬ ገደልኳት እያልኩ ራሴን በላሁ።

በሦስተኛው ቀን አከራዬ እርጥብ ቅጠል ወቅጠው፣ በቅቤ ለውሰው መጡ።

«ምን ልሁን ብዬ ነው የምቀባው? አራስ አይደለሁም!» ብዬ ጮህኩባቸው።

«ወልደሻል» አሉኝ ሳይቆጡ። «የወለደች አራስ ናት።»

ሻሼን ፈቱ፤ ጸጉሬን ከፍለው ቅቤውን አናቴ ላይ አደረጉልኝ። እየቀለጠ በጆሮዬ ሥር ወረደ። ስንት ዓመት በሰው ስቀናበት የኖርኩት ሽታ ከራሴ ላይ ይሸት ጀመር። እሳቸው እጃቸውን ሳያቋርጡ፣ አራስ ሁሉ የምትጠየቀውን ጠየቁኝ።

«ማንን ትመስል ነበር?»

«አላየኋትም፣ እማማ» አልኳቸው። ነርሷ ጠቅልላ ስታመጣልኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነበር።