ሦስት ቅጠል ጄላቲን

ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ልጅ ማድ ቤት ገብታ ክሬም ስታሞቅ ነበር። ለልደቷ ጓደኞቿን ጠርታለች፤ ማንጎ የገባበት የጣሊያን ጣፋጭ ካልሠራሁ ብላ በጠዋት ከአየር ጤና ማንጎውንም ክሬሙንም ተሸክማ መጣች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ማንጎ ስልጥላት፣ ከከረጢቷ ውስጥ አንዲት ትንሽ የጄላቲን ፓኮ አወጣችና «ይቺን እንኳ ቀይሬ ነው የመጣሁት። የመጀመሪያዋ ሐላል አልነበረችም፤ ፎዚያ ደግሞ ትመጣለች» አለችኝ። ይህን ስትል ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ዱቄቱን ውሃ ላይ በትና ማማሰሏን ቀጠለች። እኔ ቢላውን አስቀምጬ ወደ በረንዳ ወጣሁ። ልጅቱ በሁለት ደቂቃ የጨረሰችው ጉዳይ እኔን ከሃምሳ ዓመት በላይ አቅቶኛል።

ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀራቸው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃገረድ ነበርኩ። ኮልፌ ያኔ ገጠርም ከተማም ነበር። ክረምት ጭቃው ጫማ ያስቀራል፣ በጋ አቧራው ነጠላ ያቀላል። አባቴ ከከፋ መጥቶ እዚያው ሰፈር ማርና ኮረሪማ ይነግድ ነበር። ከአጥራችን ወዲያ ሐጂ ሰዒድ ነበሩ፤ መርካቶ የጨርቅ ሱቅ የነበራቸው ዝምተኛ ሰው። ባለቤታቸው እማማ መሬማ ዝምታውን ሁሉ ለሐጂ ትተው ሳቅና ጨዋታውን ለራሳቸው የወሰዱ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ዙበይዳ እኩያዬ ናት። በአጥሩ ውስጥ አንድ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ነበር፤ ማን እንደከፈተው ባላውቅም ያሰፋነው እኔና እሷ ነን።

እኔ ከተማ መሃል አንዲት ጣሊያናዊት ቤት ልብስ ስፌት እሠራ ነበር። ሲኞራ ነበር የምንላት። አገራችን ብዙ ዘመን ኖራለች፤ አማርኛዋ ግን ወንድና ሴት አይለይም፤ «አንተ ፀዳለ፣ ና ቅመስ» ትለኛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ሲያልቅ በፍራፍሬ የተሠራ ቀዝቃዛ ክሬም በየትንንሽ ብርጭቆው ታቀርብልናለች። ፓና ኮታ ይባላል። ማንኪያ ሲነካው ይንቀጠቀጣል፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ይጠፋል። እኔ የበላሁትን ነገር ለዙበይዳ ሳላወራ ውዬ አላድርም። ወሬዬ በዛና አንድ ቀን «ካወራሽ አይቀር ሥሪው» አለችኝ።

የሠራነው እነሱ ቤት ነው፤ ፍሪጅ ያላቸው እነሱ ብቻ ናቸዋ። በላምባ የሚሠራ ነጭ ፍሪጅ፣ ሳሎን ውስጥ በክብር ተቀምጦ፣ አናቱ ላይ ዳንቴል ተነጥፎለት። ጊዜው ጥቅምት ነበር። ወደ ቀራንዮ በሚወስደው የእግር መንገድ ወርደን ከወንዙ ዳር ካለው ቁጥቋጦ እንጆሪ ለቀምን። እሾኹ ክንዳችንን ቧጨረው፣ ጣታችን እስከ ማታ ቀይ ሆኖ ዋለ። ካሳደርነው ወተት ላይ ክሬሙን ገፈን፣ በስኳር አሙቀን፣ እንጆሪውን አጥልለን ጨመርን። በማግስቱ ፍሪጁን ስንከፍት ክሬሙ አልረጋም። እማማ መሬማ አንዱን ብርጭቆ አንስተው እንደ ወተት ጠጡና «ጣሊያን ይሄን በማንኪያ ከበላ ጥርሱ የለም ማለት ነው» ብለው አሳቁን።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ዙበይዳ ታጭታለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ የእጮኛዋ እናትና አክስቶቹ ሊያዩዋት ሊመጡ ነው።

«ለእህቱ ነግሬያታለሁ እኮ» አለችኝ። «ጣሊያን ቤት የሚበላውን ጓደኛዬ ትሠራላችኋለች ብያታለሁ።»

«ማን ተናገሪ አለሽ? ሳይረጋ ቢቀርስ?»

«ይረጋል። ባንቺ ካልኮራሁ በማን ልኩራ?»

በማግስቱ ለሲኞራ ነገርኳት። ስቃ ቁም ሣጥኗን ከፈተችና ሦስት ስስ ቅጠሎች አወጣች፤ መስተዋት ይመስላሉ፣ ሲነኩ ይንኮሻኮሻሉ። «ይሄ ጄላቲን ነው። ይሄ ከሌለ ሾርባ ነው» አለችኝ። ከምን እንደሚሠራ ጠየቅኋት። «አጥንት፣ ቆዳ።» የምን አጥንት አልኳት። «የከብት፣ የአሳማ፣ እኔ ምን አውቃለሁ? ፋብሪካ ነው» አለችና ትከሻዋን ሰበቀች።

የእኛን ሰፈር ለማያውቅ ሰው ይህ ተራ ነገር ሊመስለው ይችላል። ኮልፌ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤት ከሥጋ በቀር የማይጋራው አልነበረም። በሥጋ ደግሞ ቂም የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ለሌላው ይጠነቀቃል። በዒድ ሐጂ ሰዒድ ለእኛ ብለው አንድ በግ ለብቻ ያስራሉ። አባቴ ይጠራና በስመ አብ ብሎ ይባርካል፣ እናቴ እዚያው ግቢ ትሠራዋለች፣ በአንድ ዳስ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠን እንበላለን። በፋሲካ ደግሞ ቢስሚላሂ የሚሉት እሳቸው ናቸው። አላውቅም ነበር የምልበት ምክንያት አልነበረኝም፤ ስጠነቀቅና ሲጠነቀቁልኝ ነው ያደግሁት።

አውቶቡስ ውስጥ ቅጠሎቹን ደብተሬ መሃል አስገብቼ እስከ ፌርማታዬ ድረስ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ሥጋ አይደለም። አይሸትም። ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ከዚያ በኋላ የለም። ደግሞም ሲኞራ ቤት እኔስ በልቼው የለ? እማማ መሬማን መጠየቅ ነበረብኝ። ብጠይቃቸው ግን እንቢ እንደሚሉ ስለማውቅ ነው ያልጠየቅኋቸው። እንቢ ካሉ ሐሙስ ቀን እንደማንኛዋም ጎረቤት ብስኩት አቅርቤ መመለሴ ነው። ያን ጊዜ የፈለግሁት ነገር እንግዶቹ ፊት ልዩ መሆን ነበር፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

ረቡዕ ዕለት ዙበይዳን እንጆሪ እጠቢ ብዬ ወደ ጓሮ ሰደድኳትና ቅጠሎቹን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከርኩ። ለስልሰው እንደ ዓሣ ቆዳ ሆኑ። ጨምቄ ትኩሱ ክሬም ውስጥ ስከታቸው ወዲያው ቀለጡ። እሷ ስትመለስ ድስቱ ውስጥ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት እማማ መሬማ ፍሪጁን ከፍተው አንዱን ብርጭቆ ዘንበል አደረጉት። ክሬሙ ንቅንቅ አላለም።

«አጀብ። ምን ምን ገባበት ፀዱ?»

«ያው ያለፈው ነው እማማ። ወተት፣ ክሬም፣ ስኳር፣ እንጆሪ።»

«ታዲያ አሁን ምን አረጋው?»

«እሳቱ ላይ ነው ብልሃቱ። ያኔ ቸኩለን ነበር።»

«የልጁ እናት ጠንቃቃ ናቸው አሉ፤ ቢጠይቁኝ እንድመልስ ብዬ ነው እንጂ አንቺንስ አልጠይቅም ነበር» አሉና ራሴን ዳሰስ አድርገውኝ ወጡ።

ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ መጡ። የልጁ እናት ረጅም፣ ነገሯ ሁሉ የተለካ ሴት ነበረች። ብርጭቆውን ተቀብላ አየችው፣ አልቀመሰችም። «የውጭ ነገር ነው፤ የገባበት ይታወቃል?» አለች። እኔ በሩ አጠገብ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። እማማ መሬማ ወደ እኔ እንኳ ዞር ሳይሉ «ወላሂ፣ ወተት፣ ስኳርና እንጆሪ ብቻ ነው። ልጄ ናት የሠራችው» አሉ። ሴትዮዋ ቀመሰች፣ ከዚያ ጨረሰች፣ ከዚያ ሌላ ጠየቀች። ዙበይዳ ከማዶ በዓይኗ ሳቀችልኝ። የተመኘሁትን ሙገሳ ሁሉ በዚያ ከሰዓት አገኘሁ፤ አንዱም አልጣመኝም። ሴትዮዋ ብርጭቆውን እንደያዘች ባትቀምሰው ብዬ ጸልዬ ነበር፣ ትሪውን ግን አልመለስኩም። እማማ መሬማ በኔ ውሸት በአላህ ስም ማሉ።

እነግራቸዋለሁ ብዬ ቀኑን ቀጠርኩ፤ ነገ፣ ዓርብ ካለፈ፣ ሠርጉ ካለቀ። እስከዚያው ግን ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። በሠርጉ ቀን ለኛ ለክርስቲያኖቹ የተባረከ በሬ ነበር፤ እኔ ታምሜያለሁ ብዬ ቤቴ ተኛሁ። ድርሻዬን በሳህን አድርገው፣ «ይሄ የናንተው ነው፣ አባትሽ የባረከው» የሚል መልእክት ጨምረው ላኩልኝ፤ አልነካሁትም። በተከታዩ ዒድ ሄድኩ፣ ሆዴን አሞኛል ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። በዚያ ሁሉ ጥንቃቄያቸው ፊት ቁጭ ብዬ መጉረስ አልሆነልኝም። እማማ መሬማ ሳህኑን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ወዲያ በአጥሩ ቀዳዳ አልሾለክሁም። ዙበይዳ ከባሏ ጋር ጅማ ገባች፤ እኔም አግብቼ ወደ ቀራንዮ ወጣሁ።

እማማ መሬማ ሲሞቱ ብዙ ዓመታት አልፈው ነበር። ለቅሶ ደረስኩ። ዙበይዳ ከጅማ መጥታለች፤ ወፍራለች፣ ድምፅዋ ግን ያው ነው። ሰው ቀለል ሲል እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ። «ያኔ ከኛ የራቅሽው ሥጋ ተቀላቅሎብሽ ነው?»

ምን እንደምትል አልገባኝም።

«እማዬ እሱን ስትል ነው የኖረችው። በሠርጌ ግርግር የናንተንና የኛን ቢላ ሴቶቹ ቀላቅለውት ይሆናል፣ ፀዳለ አውቃ ነው፣ ጨዋ ስለሆነች ነው የማትናገረው ትል ነበር። ከዚያ በኋላ ለናንተ ቢላውንም መክተፊያውንም ድስቱንም ለብቻ ገዛች። ሠራተኛ አታስነካም፣ ራሷ ታጥባለች፣ ራሷ ትቆልፋለች። ዓይኗ ደክሞ እንኳ በየዒዱ እያወጣች ታጥበው ነበር።» እንባዋን ጠረገች። «ሆኖ ከሆነም ሳታውቅ ነው። አፉ በያት ፀዱ። ከልብሽ አፉ በያት።»

በሩ ዝግ ነበር፤ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከዚያ የተሻለ ጊዜ አላገኝም ነበር። ዙበይዳ ዓይኗን ዓይኔ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

«ይቅር ብያታለሁ» አልኳት።

አቅፋኝ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ እሷ ለእናቷ ያለቀስኩ መስሏት ጀርባዬን ትደባብሰኝ ነበር።

ዛሬ እኔ ሰባ አልፌያለሁ። ዙበይዳ በሕይወት አለች፣ በየበዓሉ እንደዋወላለን። ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። ከዚያ ደግሞ በዚህ ዕድሜዋ ለምን ላሳዝናት፣ እኔ ልገላገል ብዬ እሷን ለምን ላሸክማት እላለሁ። ያኔ አውቶቡስ ውስጥ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያትም ልክ እንደዚህ ያማረ ነበር። ስለ ጄላቲኑ ማንም ሰው ይቅር ይለኝ ይሆናል፤ ልጅ ነበርኩ። ጓዳው ውስጥ ስቆም ግን ልጅ አልነበርኩም። የበደልኳቸው ሴት ሳይበድሉኝ ይቅርታ ተለመነላቸው፣ እኔም ሰጠኋቸው።