የዶኛ ኦቲሊያ ኮርቻ

ኮሎምቢያ ውስጥ፣ ከዱይታማ ከተማ በላይ ባለችው መንደራችን ብስክሌት የማይወድ ሰው ተፈልጎ አይገኝም። ዳገት መውጣት ሙያችን ነው። ወተት ሸጠው የሚያድሩት ጎረቤቴ ዶኛ ኦቲሊያ ግን በአርባ ሁለት ዓመታቸው ሁለት እሑድ በተከታታይ የዳገቱ መንገድ ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ከብስክሌታቸው ወረዱ። ጉልበታቸውን ከኋላ በኩል እንደ ጩቤ ይወጋቸዋል።

የሴቶቹን ቡድን የሚመሩት ዶን ኤውሴቢዮ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ዶኛ ኦቲሊያ፣ እርስዎ ወተትዎን ይለቡ፤ ዳገቱን ለወጣቶቹ ይተዉላቸው" አሉ። "በሚመጣው እሑድም ከወረዱ ለእርስዎ የያዝኩትን የቡድኑን ማሊያ ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው።"

"ላሞቼ ከእርስዎ ይሻሉኛል፤ እነሱ ቢያንስ ወሬ አያበዙም!"

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ቤታቸው ሲገቡ ግን እንባቸው መጣ። ልጄን አዝዬ አብሬያቸው ስለነበርኩ አይቻለሁ።

ብስክሌቱ የረጅሙ ወንድማቸው ነበር፤ ኮርቻውም እሱ በተወው ከፍታ ላይ ነው። "ጥፋቱ የጉልበቴ አይደለም፣ የዚህ ነው" ብለው መፍቻ አነሱ። እኔ ብስክሌቱን ያዝኩላቸው። ኮርቻው ላይ ተቀምጠው፣ ታች በወረደው ፔዳል ላይ ተረከዛቸውን አሳርፈው፣ እግራቸው ቀጥ እስኪል ኮርቻውን ዝቅ አደረጉት። ቀጥሎ ክር ላይ ብሎን አንጠልጥለው ቱንቢ ሠሩ። ፔዳሉን ወደፊት አድርገው ክሩን ከጉልበታቸው ሎሚ ሥር ለቀቁትና፣ የፔዳሉ መሐል ላይ እስኪያርፍ ድረስ ኮርቻውን ወደኋላ ገፉት።

በማግሥቱ ሲሞክሩት ወገባቸው አሁንም ግራና ቀኝ ይዋልላል፤ ኮርቻው ገና ከፍ ብሏል ማለት ነው።

"ምን አጥፍቼ ነው?" እያሉ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። የብስክሌት ጫማቸውን አውልቀው የላስቲክ ቦት ጫማቸውን ሊያጠልቁ ሲሉ እጃቸው ቆመ።

"ልጄ፣ ትናንት ስለካ እግሬ ላይ ምን ነበር?"

"ቦትዎ ነዋ።"

እኛ አገር ገበሬ ቦቱን የሚያወልቀው ለመኝታና ለቅዳሴ ብቻ ነው፤ ለእኔም ምንም አልታየኝም ነበር። የቦቱ ተረከዝ ሁለት ጣት ይወፍራል።

"እኔ እኮ የለካሁት ቦቴን ነው እንጂ እግሬን አይደለም!" ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። በብስክሌት ጫማቸው እንደገና ለኩ፤ ኮርቻው ሁለት ጣት ወረደ።

እሑድ ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ወገባቸው ቀጥ ብሎ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ አለፉ። ስድስተኛ ሆነው ጫፍ ደረሱ።

"የትኛው ሱቅ ነው ያስተካከለልዎ?" አሉ ዶን ኤውሴቢዮ።

"የምን ሱቅ? በረቴ በር ላይ፣ በገዛ እጄ!"

ዶን ኤውሴቢዮ ባርኔጣቸውን ወደኋላ ገፋ አድርገው ብስክሌቱን ዞረው አዩትና ማሊያውን ዘረጉላቸው። ዶኛ ኦቲሊያ ላባቸው ሳይደርቅ እዚያው አጠለቁትና፣ "በሉ እንግዲህ፣ የሚቀጥለው እሑድ በስንት ሰዓት ነው የምንነሣው?" አሉ።