ባዶ መድረክና አንድ ነጠላ

ለንደን ውስጥ የቲያትር ንድፍ ስማር የመጨረሻው ፈተናዬ ጥያቄ አጭር ነበር፦ የባሏን ሞት የምትሰማ ንግሥት በመድረክ ላይ አሳይ። ካላለፍሁ ትምህርቴ በዚያው ያበቃል።

በመጀመሪያ በረቂቅ ያቀረብሁት በሸራ ላይ የተሳለ ቤተ መንግሥት ነበር፤ ዓምዱ፣ መጋረጃው፣ አንበሳው ሳይቀር። መምህሬ አይቶት ፈገግ አለ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የተነሡት ንድፍ ሠሪዎች እንዲህ ያለውን የተቀባ ሸራ ከመድረክ አውርደው በምትኩ ደረጃ፣ ባዶ ግድግዳና ብርሃን እንዳቆሙ፣ ልብስንም ከጌጥ አላቅቀው በእጥፋቱና በቅርጹ እንዲናገር እንዳደረጉ ወራት ሙሉ አስተምሮናል። «አንተ ግን ሸራውን መልሰህ ሰቀልኸው» አለኝ። እንዲህ ያለ ይመስለኛል፤ ምናልባት ዓረፍተ ነገሩን ያሳመርሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ግራጫ የተቀቡ አራት ደረጃዎች፣ አምስትም ሊሆኑ ይችላሉ፣ አንድ መብራትና አንድ ነጠላ ብቻ ይዤ ለመቅረብ ወሰንሁ። ንግሥት እንዲሆኑልኝ የለመንሁት የሃርልስደን ሰፈር ጎረቤቴን፣ ሂትሮው አየር ማረፊያ በጽዳት የሚሠሩ ኤርትራዊት እናትን ነበር። ነጠላውም የእሳቸው ነው።

በልምምዱ ዕለት ጥለቱን ወደ ላይ አዙሬ በፊታቸው ዙሪያ አለበስኋቸው። የሐዘን አለባበስ መሆኑን ሲያዩ ከደረጃው ወረዱ።

«ማን ሞተብኝ?»

«እትዬ፣ ቲያትር ነው እኮ።»

«ቲያትር ሆነ አልሆነ! ከወንድሞቼ ደብዳቤ ካየሁ ስምንት ወር ሆነኝ። በገዛ እጄ ላሟርትባቸው?»

 ፈተናው በማግስቱ ነበር።

«እንግዲያው እኔው እለብሰዋለሁ» አልሁ።

«በዚህ ጢም?» ብለው ሳቁ። «ልበሰው፤ ሟርቱም ራሱ ስቆ ይመለሳል።»

በማግስቱ ጢሜን ተላጭቼ ደረጃው ላይ ቆምሁ። እትዬ ከታች፣ ከመምህሬ አጠገብ ተቀምጠዋል። መርዶውን ሰምቼ ነጠላውን ላዞር ስል ጥለቱ ክንዴ ላይ ተጠማዘዘ። እትዬ መታገሥ አልቻሉም፤ በትምህርቴ ሲያሾፉ «ዶክተር» ነው የሚሉኝ።

«ዶክተር፣ ፎጣ አይደለም እኮ! በትከሻህ አሳልፈው። ቀስ! ንግሥት አትቸኩልም።»

እንደታዘዝሁት አደረግሁ። ጥለቱ ከእግሬ ተነሥቶ በብርሃኑ ውስጥ ቀስ ብሎ እስከ ፊቴ ወጣ። መምህሬ መጻፉን አቆመ።

«አልፈሃል» አለኝ። ከዚያም ወደ እትዬ ዞሮ፣ ሐሙስ መጥተው ሌሎቹን ተማሪዎች ያስተምሩ እንደሆነ በትሕትና ጠየቃቸው።

እሳቸው ግን ወደ እኔ ተመለከቱ። «ሐሙስ ሺፍት አለኝ፤ ዓርብ ይሁን በለው።»