ክር ላይ የተሰካ ምርጫ

የራሰ በቆሎ ሽታ ሲመጣብኝ የአሶሳው ቤታችን ይታወሰኛል። ክልሉ ገና አዲስ ነበር፤ አባቴ ደግሞ መምህር ነበር።

በበጋ የሰፈራችንን ፓምፕ ቁልፍ የያዙት ጋሽ ጌታሁን ደስ ሲላቸው ይከፍቱ፣ ሲያሻቸው ይዘጉ ስለነበር፣ እናቴ ወንድሜን አርግዛ ጀሪካን አዝላ ወንዝ ትወርድ ነበር። አንድ ቀን ዳገቱ ላይ ወድቃ አገኘናት፤ እግዚአብሔር አተረፈልን። ቁልፍ ያዡን የሚመርጠው ሰፈሩ ነበር፤ በፊተኛው ምርጫ የበርታዋ እማማ ሐዋና ከወለጋ የመጡት አዴ ጫልቱ ተወዳድረዋቸው፣ ለውጥ የፈለገው ሰው ለሁለቱ ተከፍሎ፣ ጋሽ ጌታሁን ከግማሽ ባነሰ ድምፅ አልፈው ነበር።

ዝናቡ ሲጀምር የሚቀጥለው ምርጫ ደረሰ። አባቴ ሰፈሩ በሚሰበሰብበት ማንጎ ሥር ቆሞ፣ እያንዳንዱ ቤት በአንድ ክር ሦስት ፍሬ ከጫፉ ጀምሮ እንደ ምርጫው ተራ ይሰካ አለ፤ በቆሎ ለጋሽ ጌታሁን፣ የዱባ ፍሬ ለአዴ ጫልቱ፣ ቦሎቄ ለእማማ ሐዋ። ከግማሽ ያለፈ ከሌለ፣ በመጀመሪያ ፍሬ ቁጥር ያነሰው ይወድቃል፤ የእሱ ፍሬ ከጫፉ ይነቀልና ክሩ ለሚቀጥለው ፍሬ ባለቤት ይቆጠራል።

«ያልተማረ ሰው ይሄን እንዴት ይችላል?» አሉ ጋሽ ጌታሁን።

እማማ ሐዋ የአንገታቸውን ዶቃ ያዝ አድርገው፣ «ይሄ ማን ሰካ? ዲሬክተር ሰካ?» ሲሉ ሰፈሩ አውካካ።

«እሺ፣ የተሸነፈ ሰው ደጋፊ ሁለት ጊዜ ሊመርጥ ነው?» አሉ ጋሽ ጌታሁን እንደገና።

አባቴ ከአንድ ክር የፊቱን ፍሬ ነቅሎ ክሩን ሰጣቸው። «ጋሼ፣ እጅዎ ላይ ስንት ክር አለ?»

«አንድ።»

«አንድ ቤት፣ አንድ ክር።»

«ብዙ ያገኘ ሰው ቢሸነፍስ?»

«ከግማሽ ካለፉ ማን ይነካዎታል?»

ያን ሳምንት በየቤቱ በቆሎ ተዘፍዝፎ በመርፌ ይወጋ ነበር። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን በቀይ ክር ሰካች።

በቆጠራው ቀን ጋሽ ጌታሁን በለጡ፣ ግማሽ ግን አልሞሉም። አዴ ጫልቱ ከሁሉ አነሱ። ተነሥተውም የራሳቸውን የዱባ ፍሬ ከየክሩ በገዛ እጃቸው ነቀሉ፤ ከሥሩ ቦሎቄ፣ ቦሎቄ፣ አንዴ በቆሎ፣ ደግሞ ቦሎቄ ብቅ ሲል እኛ ልጆቹ በጣታችን እንቆጥር ነበር። በድምሩ ቦሎቄው ከግማሽ አለፈ። ጋሽ ጌታሁን ራሳቸው ደግመው ቆጠሩና ቁልፉን ከአንገታቸው አወለቁ።

«እንኪ ሐዋ፣ ዘይት ቀቢው፤ በክረምት ይዝጋል።»

መስከረም ላይ ወንድሜ በደህና ተወለደ። ገላውም በፓምፑ ውሃ ታጠበ።

እናቴ ካረፈች በኋላ ቀዩን ክር ዳዊቷ ውስጥ አገኘሁት፤ ጫፉ ባዶ ነው፣ ቀጥሎ ቦሎቄ፣ ከዚያ በቆሎ። ዛሬ ቤቴ ቧንቧ አለ፤ ምርጫ ሲመጣም ልጆቼን ይዤ ሄጄ አንድ ምልክት አድርጌ እመለሳለሁ። «የመረጥሻት ባታልፍስ ሌላ ማንን ትፈልጊያለሽ?» ያለኝ የለም። እናቴን ግን ጠይቀዋት ነበር፤ ተመስገን።