ጾም የመሰለን ሕመም

ሪባኑን ከምንጣፉ ላይ ላነሣ ጎንበስ ስል ወገቤ እንቢ አለኝ። ከእምብርቴ ትይዩ፣ በጀርባዬ በኩል፣ አንዲት ጣት የምታህል ቦታ ላይ ወጋኝና ተወኝ። ቀና አልሁና ልምምዴን ቀጠልሁ። የሪትሚክ ጂምናስቲክ ተወዳዳሪ ወገቧን ሳያማት የምትውልበት ቀን ጥቂት ነው፤ ያችን ውጋት ከሌሎቹ ለይቼ የማይበት ምክንያት አልነበረኝም።

ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ስፖርቱን ለማታውቁት ላስረዳ፤ ኳስ፣ ቀለበት ወይም ከበትር ጫፍ የታሰረ ረጅም የሳቲን ሪባን ይዞ፣ በሙዚቃ ታጅቦ፣ ምንጣፍ ላይ መዝለል፣ መዞርና መተጣጠፍ ነው። ሪባኑ መቋጠርም ሆነ መሬት ላይ መጎተት የለበትም፤ ከሆነ ነጥብ ይቀነሳል። ባሕር ዳር ውስጥ ይህን የምንሠራው ልጆች ሁላችንም ተሰብስበን አንድ ሚኒባስ አንሞላም ነበር። አሰልጣኛችን ሰናይት ድሮ ሰርከስ የሠራች ናት። እኔን የያዘኝ ግን ስልክ ላይ ያየሁት የአንዲት ብራዚላዊት ተወዳዳሪ ቪዲዮ ነው። ወደ ኋላ ታጥፋ ጭንቅላቷ ተረከዟን ሊነካ ሲደርስ፣ ሪባኗ ከላይዋ ክብ እየሠራ ይወርዳል። ያችን እጥፋት ለመሥራት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። በክልሉ ውድድር አንደኛ የወጣሁት በእሷ ነው፤ ይህን ስናገር አላፍርም። ቀጥሎ የሚጠብቀኝ አገር አቀፉ ውድድር ነበር።

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ የአቋቋም፣ ማለትም በዜማ እየዘመሙ የሚቆሙበት የማኅሌት ሥርዓት፣ መምህር። ዓባይ ማዶ ቤታችን ውስጥ ከንጋት ጀምሮ ተማሪዎቻቸውን ሲያዘምሙ ነው ያደግሁት። ልጃቸው ሰውነቷ ላይ የተጣበቀ ልብስ ለብሳ በሰው ፊት መታጠፏን አልወደዱትም፤ አልከለከሉኝምም። ገና ስጀምር «አንቺ ሂጂ፤ እኔ ግን አላይም» አሉኝ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። ሜዳሊያዬን ግን ከመጻሕፍታቸው በላይ ሰቅለውታል።

ውጋቱ የጀመረኝ ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን ነው። ስሕተታችንም አብሮ ገባ። ከሳሁ፤ ጾሙ ነው ተባለ። እኛ ቤት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ስለማይቀመስ ማንም አልገረመውም። ተኝቼ ስነሣ አንሶላዬ በላብ ይርሳል፤ ሙቀቱ ነው ተባለ፤ የባሕር ዳርን መጋቢት የሚያውቅ ይህን አይጠራጠርም። አመሻሽ ላይ ትኩሳት ቢጤ ይሞክረኛል፤ እሱ ደግሞ የልምምድ ድካም ሆነ። ሰናይት እንዲያውም መክሳቴን ወደደችው። «አሁን ገና ሰውነትሽ ለሪባን ሆነ» አለችኝ። መስታወት ፊት ቆሜ የጎድን አጥንቶቼን እያየሁ ስኮራ ትዝ ይለኛል። ዛሬ ያ ኩራት ያናድደኛል።

ሕመሙ ሲብስ ዘንዘልማ አካባቢ ወዳለ አንድ ስመ ጥር ወጌሻ ወሰዱኝ። «ጅማት ዞሮ ነው» አሉና በቅቤ አሹኝ። ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ። በሦስተኛው አውራ ጣታቸው አከርካሪዬ ላይ ሲያርፍ ጮኽሁ። ክፋት የለባቸውም፤ የሚያውቁትን ነው የሠሩት። እኔና ሰናይትም የምናውቀው ያንኑ ነበር፤ ጂምናስቲክ የሠራ ወገብ ይታሻል፣ ይሳባል፣ ይድናል።

ፋሲካ መጣ። ዶሮ ወጡ ቀረበ። ሁለት ጉርሻ ውጬ እጄን ታጠብሁ። ሳምንት ሆነ፤ ሁለት ሳምንት ሆነ፤ ሥጋ አልጨመርሁም፤ ላቡም አልቆመ። ነገሩን የነቁበት አባቴ ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋዬ ራስጌ ቆመው አዩኝ።

«ጾሙ ቢሆን ኖሮ ከጾሙ ጋር በሄደ ነበር» አሉ። «ይኸ ሌላ ነገር ነው። ተነሽ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

ተነሣሁ። ቀኝ እግሬ አልታዘዘኝም። ግድግዳ ያዝሁ። በአንድ እግር ጣቶች ላይ ቆሜ የምሽከረከር ሰው ነበርሁ። ከበሩ መድረስ አቃተኝ። አባቴ በማኅሌት የሚደገፉበትን መቋሚያ ሰጡኝ። በእሱ ወጣሁ።

ራጅ ተነሣሁ። ቀጥሎ ኤምአርአይ። ሁለት የአከርካሪ አጥንቶች ተበልተዋል። በመካከላቸው ያለው ዲስክ ጠፍቷል። ከጎናቸው መግል ቋጥሯል። መግሉን በመርፌ ቀዱት። ናሙናው ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መሣሪያ ተመረመረ።

ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሩ ወንበራቸውን ወደ እኛ ሳቡ። «የአከርካሪ ቲቢ ነው። ፖትስ ዲዚዝ እንለዋለን። በመድኃኒት ይድናል» አሉ።

«እኔን እኮ ሳል ይዞኝ አያውቅም» አልኋቸው።

«ቲቢ ሳንባ ላይ ብቻ አይቀመጥም። ወገብሽን ያሸው ሰው አለ?»

አባቴ ስለ ወጌሻው ነገሯቸው። «ከእንግዲህ ማንም እንዳይነካው» አሉ ዶክተሩ።

ወደ ልምምድ መቼ እንደምመለስ ጠየቅኋቸው። ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም። ፊልሙን ወደ ብርሃኑ አንሥተው አሳዩን።

«መጀመሪያ መራመድሽን እናድን። ወደ ኋላ መታጠፍ ግን፣ ልጄ፣ ከእንግዲህ የለም።»

አለቀስሁ። አባቴም አለቀሱ።

ሕክምናው ዓመት ነው። ለሁለት ወር አራት መድኃኒት፦ ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድ፣ ኢታምቡቶል። ቀጥሎ ለዐሥር ወር ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሆስፒታል ተኛሁ። ሽንቴ ብርቱካን መሰለ፤ ደነገጥሁ፤ የሪፋምፒሲን ቀለም እንደሆነ ነገሩኝ። ከብብቴ እስከ ዳሌዬ የሚይዝ ብሬስ ታሰረልኝ። ሰናይት ልትጠይቀኝ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ስትከሺ ያመሰገንሁሽ እኔ ነኝ» አለች። ገብታ እንድትቀመጥ ለመንኋት።

በሐምሌ መቋሚያውን ይዤ ግቢያችን ውስጥ መራመድ ጀመርሁ። ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። ዶክተሩ እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ እንዳላቋርጥ አዘዋል፤ ጾመ ፍልሰታ ደግሞ ሕፃን ሳይቀር የሚጾመው ነው። የመሪጌታ ልጅ ሆኜ በፍልሰታ እንቁላል? እንቢ አልሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ከእምነቴ ጋር ተደብቆ ሌላ ነገርም ነበረ፤ ከወፈርሁ ሪባኑን ለዘለዓለም አጣዋለሁ ብዬ ፈርቻለሁ።

አባቴ የንስሐ አባታችንን አስፈቀዱ። ከዚያ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ ገበያ ወርደው፣ ሠላሳ እንቁላል የያዘውን ካርቶን ምንም ሳይሸፍኑ በሁለት እጃቸው ይዘው በሠፈሩ መካከል መጡ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ ከደጃቸው ሆነው አይተዋቸዋል።

«ምነው መሪጌታ፣ በፍልሰታ?»

«መድኃኒት ነው፣ እቴ። ልጄ ታማለች» አሉና አለፉ።

ራሳቸው ቀቅለው፣ ራሳቸው ልጠው አቀረቡልኝ። «ለታመመ ሰው ጾም አልታዘዘም። ብይ። በደል ካለበት በእኔ ይሁን» አሉ። ያን ቀን በሕይወቴ ሙሉ ያልኮራሁትን ያህል በአባቴ ኮራሁ። ሁለት በላሁ፤ ሦስተኛውን ሲሰጡኝም አልተከራከርሁም።

ክረምቱ ሲወጣ እግሬ እየታዘዘኝ መጣ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ፈቅዶልኝ በየማለዳው ጣና ዳር መሄድ ጀመርሁ፤ የጎርጎራ ጀልባ በሚነሣበት ቀን ከወደቡ ወጥታ ከዐይኔ እስክትሰወር ያለ ዕረፍት ለመራመድ ከራሴ ጋር እወራረድ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ጀልባዋ ታሸንፈኛለች፣ ኅዳር ላይ ግን እኔ አሸነፍኋት። ብሬሱ ሲፈታልኝ አባቴ ከተማሪዎቻቸው ኋላ አቆሙኝና ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ክብደትን ሳይቸኩሉ ማሻገርን፣ ወገብን ቀጥ አድርጎ ከጉልበት መውረድንና መነሣትን አሳዩኝ። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩት ነገር ለእኔ ጤነኛ መቆሚያ ሆነኝ። አንድ ቀን ሰናይት መጥታ ይህን አየች፤ ስልኳን አውጥታ ምቱን መቁጠር ጀመረች።

«መሪጌታ፣ ይህን ለሪባኗ ብንወስደው ይቆጡናል?» አለች።

አባቴ አሰቡ። «ሚዛኑን ውሰዱ፤ ዜማውን ለቤተ ክርስቲያን ተዉ።»

እንደተሻለኝ ሲሰማኝ ሦስት ቀን ክኒኑን ዘለልሁ። መድኃኒቱን የምታድለኝ የጤና ጣቢያ ሲስተር ደውላ አስመጣችኝ። «ሲያምሽማ ማንም ይውጠዋል። ከተሻለሽ በኋላ መዋጥ ነው የሚያድንሽ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልቀረሁም። ዓመቱ ሲሞላ ዶክተሩ አዲሱን ፊልም ከአሮጌው ጎን አደረጉት፤ ሁለቱ አጥንቶች ተገጣጥመው አንድ ሆነዋል። ወደ ምንጣፍ እንድመለስ ፈቀዱልኝ፤ ክልከላቸው ግን እንደጸና ነው።

አዲሱን ትርዒት ያለ አንዲት የኋላ እጥፋት ሠራነው። ዳኞች ለእጥፋት የሚሰጡትን ነጥብ በዙርና በሚዛን ለማካካስ ከሰናይት ጋር ሌላ ዓመት ደከምን። በመጨረሻ አዲስ አበባ፣ አገር አቀፉ ውድድር ላይ ቆምሁ። አምስተኛ ወጣሁ። የክልሉን ወርቅ እወደዋለሁ፤ ይህን አምስተኛነት ግን በወርቁ አልለውጠውም።

ይህን የጻፍሁት ዛሬ እንደ ያኔዋ እኔ ወገቡን ይዞ ለሚቀመጥ ሰው ነው። የጀርባ ሕመም ከሳምንታት ካለፈ፣ በተለይ የአመሻሽ ትኩሳት፣ ላብና መክሳት ከተጨመሩበት፣ ጾም ነው፣ ሙቀት ነው፣ ስፖርት ነው ብላችሁ ስም አታውጡለት፤ ተመርመሩ። እግራችሁ ከደከመማ አንድ ቀን አታሳድሩ። አከርካሪያችሁን አታሳሹ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ እንኳ አልደበቅሁም፣ በመልካም ስም ጠራሁት እንጂ፤ መዘዙ ግን አንድ ነው። መድኃኒቱን ጨርሱ። ብሉ። ቲቢው አጥንት ላይ ብቻ ከሆነ በትንፋሽ አይተላለፍም፤ እኔም ሳንባዬ ተመርምሮ ነጻ መሆኑ ስለተነገረን ቤተሰቤ አልሸሸኝም።

ዶክተሩን፣ ደውላ የጠራችኝን ሲስተር፣ ጥፋቷን ተሸክማ አብራኝ የሠራችውን ሰናይትን አመሰግናለሁ። አባቴን ማመስገን ግን ይቸግራል፤ ስጀምርላቸው ወሬ ይለውጣሉ። አዲስ አበባ አብረውኝ ሄደው ነበር። አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ «እኔ ከውጭ ነኝ፤ አንቺ ግቢ» አሉኝ። ስወጣም መቋሚያቸውን ተደግፈው እዚያው በሩ ላይ አገኘኋቸው። እንዴት እንደነበር ብጠይቃቸው፣ «ከውጭ ለቆመ ምን ይታየዋል? ሙዚቃው ይሰማል» አሉ።

በማግሥቱ በአውቶቡስ ስንመለስ ዓባይ በረሃን ተሻገርን። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ፣

«ሦስተኛው ዙር ላይ ያ ጨርቅ መሬት ነካብሽ» አሉ። «እጅሽን ቀድመሽ አውርደሽው ነው።»

እውነታቸውን ነው፤ ነክቶብኛል። ሳቲን ግን መሬት ሲነካ ድምፅ የለውም።